የ2002 ሲልቨራዶ ሞተር ያንኳኳል፣ ኮዱ ፒ0332 ነው፤ ኖክ ሴንሰሩ የት ነው የተደበቀው?

ሰማያዊ_ሲልቨራዶ | ቅዳሜ ማታ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። መኪናዬ ሼቪ ሲልቨራዶ 1500 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ2002 ሥሪት። ሞተሯ 5.3 ሊትር ቪ8፣ ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ። 214 ሺህ ማይል ሄዳለች። ሁለተኛ እጅ ገዝቼ ቅዳሜና እሁድ የቤት ዕቃ አመላልስባታለሁ።

ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያናችንን የደመራ እንጨት የጫንኩት በሷ ነበር። ኮፋኖው ውስጥ ሳይቀር አቧራና ቅጠል ሞላው። ከበዓሉ በኋላ መኪና ማጠቢያ ወስጄ ሞተሩን በግፊት ውሃ አጠብኩት። በሦስተኛው ቀን ቼክ ኢንጅን በራ።

ስካነር ስሰካ ፒ0332 አለኝ። ኖክ ሴንሰር (የሞተሩን ማንኳኳት የሚያዳምጠው) ነው። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። በአይ-70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስወጣ ከባድ መኪኖች ሳይቀሩ ጥለውኝ ሄዱ።

ሌላው ድምፁ ነው። ቆማ ስትሠራ ከታች በኩል ቆ ቆ ቆ ትላለች። መቼ እንደጀመረ እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምነዳው። ኮዱ ከመጣ በኋላ ዘግቼ ሳዳምጥ ነው የሰማሁት።

ሰፈሬ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው አምስት ደቂቃ አዳመጠና «ኮዱም ኖክ፣ ድምፁም ኖክ። ብሮንዚኒው (የክራንክ ሻፍቱ ማረፊያ ስስ ሽፋን) ሄዷል፣ ሞተር ይቀየር» አለኝ። 5,800 ዶላር። መኪናዋን እኮ የገዛኋት በ4,500 ነው!

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይሄ ሴንሰር የት ነው ያለው? ሞተሩን ዙሪያውን በባትሪ መብራት ፈልጌ አጣሁት። ሁለተኛ፣ የምር ሞተሩ አልቆለታል?

ዳላስ_ፒካፕ | ቅዳሜ ማታ

ወንድሜ፣ ኮዱ እኮ ራሱ እየነገረህ ነው። ኖክ ሴንሰሩ ኖክ ሰማ፣ መብራት አበራ። 214 ሺህ ማይል ቀልድ አይደለም። ጃንክያርድ ሂድና ሞተር ፈልግ። 5.3 በየቦታው ሞልቷል።

ጋሽ_ካቻቢቴ | እሑድ ጠዋት

ልጄ፣ ሞተር ከመግዛትህ በፊት ረጋ በል።

ሥራ የጀመርኩት በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው፣ አዲስ አበባ። አሁን ጋራዡን ልጆቼ ይዘውታል፤ እኔ ጥግ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ እነሱን እቆጣለሁ። ያንተን መኪና በእጄ ፈትቼ አላውቅም። ድምፅ ግን የትም አገር ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ኮዱን እናስተካክል። ፒ0332 «ሞተሩ ኖክ አደረገ» አይልም። «የሁለተኛው ሴንሰር ምልክት ዝቅ ብሎብኛል» ነው የሚለው። ማለትም ኮምፒውተሩ «አንዱ ጆሮዬ አይሰማም» እያለህ ነው። አንኳኳ አላለህም። እንዲያውም ጆሮው ስለተደፈነ ያንኳኳ አያንኳኳ አያውቅም። ስለማያውቅ ይፈራል፤ ስለሚፈራ የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል። ጉልበት ያጣኸው በዚህ ነው። ጋራዡ ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ጠርቶ 5,800 ዶላር ጠየቀህ። ደግነቱ ገና አልከፈልክም።

አሁን ወደ ድምፁ። በመኪና «ኖክ» የሚባለው አራት ዓይነት ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ያደባልቀዋል።

ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ ባቄላ በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንገጫገጭ የሚሰማው፣ እሱ የቃጠሎ ነው። ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ሲነድ ነው። ኖክ ሴንሰር የተሠራው ይህችን ለመስማት ነው። ቆመህ ስትሠራ አይመጣም።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እንደ ስፌት መኪና፣ ከላይ በኩል ከሆነ የቫልቭ ወገን ነው። ፍጥነቱ የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ግማሽ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር ሲሄድ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አንዴ ብቻ ስለሚዞር።

ጠዋት ብርድ ላይ አንኳኩቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ደግሞ የፒስተን ነው፤ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲወዛወዝ። የናንተ 5.3 በዚህ የታወቀ ነው ይባላል። ያናድዳል እንጂ አይገድልም።

ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ግን ሌላ ነው። ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ ሰምተሃል አይደል? ከጎረቤት ግድግዳ በኩል። ድብን ያለ፣ ከባድ፣ ከሆድ የሚወጣ። ሲሞቅ ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ነዳጅ ሰጥተህ ስትለቅ፣ ሞተሩ ሲወርድ ቆቆቆ ብሎ ይቆጥርልሃል። የዘይት ግፊትም አብሮ ይወርዳል።

እነዚህን መልስልኝ፦ ሲሞቅ ይብሳል ወይስ ይቀንሳል? ፍሬን ይዘህ ዲ ስታስገባ ምን ይሆናል? የዘይት ጌጁ ሞቆ ሲቆም ስንት ያሳያል? ካምቢዮው ወርዶ ያውቃል?

ድምፁ ሳይታወቅ ሴንሰር አትፈልግ። የሚሞት ሞተር ላይ አዲስ ሴንሰር መግጠም ለለቅሶ ቤት ቀለም እንደ መቀባት ነው።

ዳላስ_ፒካፕ | እሑድ

ጋሼ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፣ ግን 214 ሺህ ማይል...

ጋሽ_ካቻቢቴ | እሑድ

እኔም 71 ዓመቴ ነው። ልቀየር?

ኦሆም_ቨርጂኒያ | እሑድ ማታ

ሃሃሃ ጋሼ!

ሴንሰሩን እኔ ልናገር፣ ይሄን ሞተር ሦስቴ ፈትቼዋለሁ። ባትሪ ይዘህ ዙሪያውን ብትዞር አታገኘውም። ኖክ ሴንሰሮቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ያሉት አየር ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ሥር ነው። ቪ8 ስለሆነ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሀል ሸለቆ አለ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ቁልቁል ተተክለዋል። ፒ0327 የፊተኛው ነው። ያንተ ፒ0332 የኋለኛው።

የኋለኛው ለምን ቀድሞ እንደሚሞት ታውቃለህ? ሁለቱም ጉድጓድ ውስጥ ነው የተቀመጡት፤ ከላይ የጎማ ክዳን አላቸው። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል። ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ሴንሰሩ እዚያው ተቀምጦ ይዝጋል። የግፊት ውሃ ያጠብክ ቀን ነገሩ አልቋል። ብታደርቀው እንኳ እዛ ውስጥ አይደርስም።

ማኒፎልዱን ሳትፈታ መለካት ትችላለህ። ከማኒፎልዱ ኋላ፣ ሞተሩንና ሹፌሩን በሚለየው ግድግዳ በኩል፣ ባለ ሁለት ሽቦ ሶኬት ይወጣል። ንቀለው። መልቲሜትሩን ኦሆም ላይ አድርገህ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ሞተሩ ብረት ለካ። ጤነኛው ወደ 100 ኪሎ ኦሆም ያሳያል፣ በግምት ከ93 እስከ 107። ምንም ካላሳየ ወይ ሴንሰሩ ወይ ሽቦው ተበጥሷል። ሁለቱንም ትቀይራለህና የትኛው እንደሆነ አያስጨንቅህ።

ሌሎቹም ያሉበትን ልንገርህ፤ በኋላ በየተራ እየመጣህ እንዳትጠይቀኝ፦

የዘይት ግፊት ሴንሰር ከማኒፎልዱ ኋላ ሞተሩ አናት ላይ ነው። እጅ በመከራ ይገባል። ካምሻፍት ሴንሰርም እዚያው ጎረቤቱ ነው፣ በአንድ 10 ቁጥር ቡሎን የተያዘ። ማኒፎልዱ ከወረደ ሁለቱም ፊት ለፊት ይታዩሃል፤ የዘይት ግፊት ሴንሰሩን ያኔ ቀይረው። ክራንክ ሻፍት ሴንሰር ግን ታች ነው፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ከሞተሪኖው (ማስነሻው) ጀርባ። ሞተሪኖውን ሳታወርድ አትድከም። የውሃ ሙቀት ሴንሰር በሹፌሩ በኩል ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ፊት ላይ ተሰክቷል። ማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካው) ማኒፎልዱ አናት ላይ ከኋላ በኩል አለ። ማፍ (የሚገባውን አየር መጠን የሚለካው) ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ቱቦው ላይ ነው፤ የአየር ሙቀቱም እዚያው ውስጥ ነው። ኦክስጅን ሴንሰር አራት አሉ፣ ሁለት ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊት፣ ሁለት ከኋላው።

ሰማያዊ_ሲልቨራዶ | ሰኞ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ካቻቢቴ፣ ከሥራ ስመለስ ያሉኝን በሙሉ አየሁ።

ድምፁ ሞቆም ቀዝቅዞም አለ። ጠዋት ላይ ተጨማሪ ሌላ ቀጭን ድምፅ አለ፣ እሱ በሁለት ደቂቃ ይጠፋል። ወፍራሙ ግን አይጠፋም፣ አይብስምም።

ዲ ሳስገባ ግርም አለኝ። ድምፁ ተቀየረ! ፓርክ ላይ ቆ ቆ ቆ የሚለው ዲ ላይ ፍሬን ይዤ ስቆም ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ወደ 1,500 ዙር ከፍ ሳደርገውም ይጠፋል።

የዘይት ጌጁ ሞቆ ቆሞ 35 ላይ ነው፣ ስነዳ 45 አካባቢ።

ኦሆም ቨርጂኒያ፣ የፊተኛው 101 አሳየኝ። የኋለኛው ምንም። ዜሮም አይደለም፣ ጭራሽ የለም።

ካምቢዮ ወርዶ ያውቃል ወይ ላሉኝ አላውቅም፤ ስገዛት ሻጩ ምንም አላለኝም።

ጋሽ_ካቻቢቴ | ማክሰኞ ጠዋት

እሰይ። ጥሩ ጆሮ አለህ።

በዚህ ብቻ ቢዬላ አይደለም ለማለት ይከብዳል፤ ግን ልቤ ወደዚያ እየሄደ አይደለም። ያለቀ ብሮንዚኒ ያለው ሞተር ሞቆ ቆሞ 35 ግፊት ማሳየቱ ያጠራጥረኛል። ደግሞ ቢዬላ ዙር ሲጨምር ይጮሃል እንጂ ዝም አይልም። ካምቢዮ ሲገባ የሚቀየር ድምፅ ወደ ኋላ ሂድ ነው የሚለኝ።

ሁለት ነገር አድርግና እናረጋግጥ።

አንደኛ፣ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) ሶኬቶችን አንድ በአንድ ንቀል። አንዱን ንቀል፣ አዳምጥ፣ መልስ። የካንዴላውን ሽቦ አትንቀል፤ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ ይሄዳል። ቢዬላ ከሆነ የታመመው ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ሸክሙ ይቀልለታል፣ ድምፁም ይለዝባል ወይ ይጠፋል። በስምንቱም ካልተለወጠ ቢዬላን እርሳው።

ሁለተኛ፣ ዘይት ቀይርና የወጣውን ፊልትሮ በመጋዝ ክፈተው። ውስጡን ወረቀቱን ዘርጋና ፀሐይ ላይ እየው። ብሮንዚኒ ካለቀ ወርቃማና ብርማ ብናኝ ያብለጨልጫል። ማግኔት የማይይዘው ነው የከፋው። የብሮንዚኒው ፊት ብረት አይደለምና።

ረጅም ካቻቢቴም ያዝ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ሥር አጥንት ላይ። ከዘይት ገንዳው ጎን ጀምረህ ወደ ኋላ፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር እስከሚገናኝበት ሂድ። የት ላይ እንደሚጎላ ንገረኝ። ቺንጋ ያለበት አካባቢ ፀጉርህንና እጅጌህን ጠብቅ።

ቪጎ_ሐዋሳ | ማክሰኞ

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እኔም የምጠይቀው ድምፅ ነው። የኔ ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ናት፣ 2.5 ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣ። ጠዋት ስትነሳ በጣም ታንኳኳለች። ኖክ ሴንሰሯ የት ነው? መካኒኬ ሊያገኘው አልቻለም።

ጋሽ_ካቻቢቴ | ማክሰኞ

እህቴ፣ መካኒክሽ ልክ ነው፤ የለም። ናፍጣ ሞተር የሚሠራው ራሱ በማንኳኳት ነው። ካንዴላ የለውም፤ አየሩ ተጨምቆ ሲግል ናፍጣው በራሱ ይነዳል። የሚዘገይ እሳት ስለሌለ ቤንዚን መኪና ላይ ያለው ኖክ ሴንሰር ሥራ የለውም።

ያንቺ ላይ ግን ጠዋት የሚያንኳኳ ከሆነ አትተኚ። በዚያ ሞተር ኢንጀክተሮቹ ሥር ቀጭን የመዳብ ማኅተም አለ። እሷ ስትሾልክ የቃጠሎው ጭስ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ጥቀርሻ ይሆናል። ጥቀርሻው ታች የዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ ይሰበሰባል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት አይወጣም፤ ያኔ ነው ብሮንዚኒው የሚሄደው። ስለዚህ ገንዳው ይውረድና ወንፊቱ ይታይ። ጥቁር ቅርፊት ከተገኘ ኢንጀክተሮቹ መውጣት አለባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የድሮ ሃይሉክስ ላይ የኢንጀክተር ዳዶ እያላሉ የታመመውን ሲሊንደር መፈለግ ነበር። እኛም ያደግነው በዚያ ነው። በዲ-ፎር-ዲ ላይ ማንም እንዳይሞክር። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል፤ ቆዳ ቀዶ ይገባል። በስካነር ነው የሚታየው።

ቪጎ_ሐዋሳ | ማክሰኞ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ነገ ገንዳውን አስወርዳለሁ።

ሰማያዊ_ሲልቨራዶ | ረቡዕ ማታ

ውጤት ይዤ መጣሁ።

ስምንቱንም ኢንጀክተር ነቅዬ መለስኩ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም። ያው ነው።

ፊልትሮውን በመጋዝ ከፈትኩት። ወረቀቱን ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አየሁት፣ ሚስቴ ደግሞ እኔን አየችኝ። ዘይቱ ጠቁሯል፣ አንዲትም የምታብረቀርቅ ነገር የለችም።

በካቻቢቴ ሳዳምጥ ከፊት ዝም ያለ ነው። ወደ ኋላ ስሄድ ይጎላል። በጣም የጎላው ሞተሪኖው አካባቢ፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ላይ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁ። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ መመሪያ መጽሐፉ ሥር የታጠፈ ደረሰኝ ነበር። የድሮው ባለቤት ካምቢዮውን አስወርዶ አሠርቷል። ከሦስት ዓመት በፊት።

ጋሽ_ካቻቢቴ | ሐሙስ ጠዋት

አላልኩህም? 5,800 ዶላርህን ኪስህ ውስጥ አስቀምጥ።

ማንዋል ካምቢዮ ላይ ቮላኖ አለ፣ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰር ወፍራም ክብ ብረት። ኦቶማቲክ ላይ በሱ ፋንታ ቀጭን ሰሌዳ ነው ያለው፣ ፍሌክስ ፕሌት። ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) በሱ ላይ በቡሎን ይታሰራል። አንድም ሰሌዳው ተሰንጥቋል፣ አንድም ቡሎኖቹ ላልተዋል። ሁለቱም ልክ እንደ ቢዬላ ነው የሚያንኳኩት። ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት ወርዷል መሰለህ።

ቡሎኖቹን እይ መጀመሪያ። ካምቢዮ የነካ ሰው የመጨረሻዋን ቡሎን የሚያጠብቀው ማታ ሲደክመው ነው።

ኦሆም_ቨርጂኒያ | ሐሙስ

በዚህ መኪና የኮንቨርተር ቡሎኖቹ ሦስት ናቸው፣ ጭንቅላታቸው 15 ቁጥር። ባትሪውን ፍታ፣ መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትተዋት፣ መደገፊያ አስገባ። ሞተሪኖውን ካወረድክ በቀዳዳው ይታዩሃል። አንዱን ካየህ በኋላ ፊት ላይ ያለውን የክራንክ ፑሊ ቡሎን በ24 ቁጥር ቡሶላ አዙረው፤ ሁለተኛው ይመጣል። ማጥበቂያው 63 ኒውተን ሜትር ነው፣ በፓውንድ 47። ክሩን አጽድተህ ክር ማጣበቂያ ጠብ አድርግበት።

ሞተሪኖው ከወረደ ክራንክ ሻፍት ሴንሰሩም ፊትህ ነው። ኮድ ካልሰጠህ አትንካው።

ሰማያዊ_ሲልቨራዶ | ቅዳሜ ማታ

ወንድሞቼ። ጋሼ።

ከሦስቱ ሁለቱ ላልተዋል። አንደኛው በጣቴ ዞረ። በጣቴ! ቡሶላ እንኳ አላስፈለገውም። ከጭንቅላቱ ሥር ብረቱ ተፈግፍጎ እንደ መስታወት ያበራል። ሰሌዳውን በትንሽ መስታወትና በመብራት እያዞርኩ አየሁት፤ ስንጥቅ አላየሁም። አጽድቼ ሦስቱንም አጠበቅኩ።

ሞተሪኖውን መልሼ አስነሳሁ። ዝም። ሬዲዮውን ዘግቼ አሥር ደቂቃ እዚያው ተቀመጥኩ። ሚስቴ ወጥታ «ጠፋች እንዴ?» አለች፣ መኪናዋ የጠፋች መስሏት።

ዳላስ_ፒካፕ | ቅዳሜ ማታ

እሺ። ተሸንፌያለሁ። ጋሼ ይቅርታ። ግን የኔም ፓርክ ላይ ታንኳኳለች አሁን ሳስበው...

ጋሽ_ካቻቢቴ | እሑድ

አንተ ሞተር ግዛ።

(እየቀለድኩ ነው። አዲስ ክር ክፈትና እናያለን።)

ኦሆም_ቨርጂኒያ | እሑድ

አሁን ሴንሰሩ። ድምፁ ጠፋ ማለት ኮዱ ይጠፋል ማለት አይደለም። ሙሉ ቀን ያዝለት።

የነዳጁን ግፊት አስወጣ መጀመሪያ፤ ሬሉ (ነዳጅ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ላይ ትንሽ ቫልቭ አለ፣ ጨርቅ ይዘህበት። ማኒፎልዱ በ10 ቡሎን ነው የተያዘው፣ 8 ቁጥር። ፕላስቲክ ስለሆነ ሲነሳ ቀላል ነው፣ ኋላ ያሉት ቱቦዎች ናቸው የሚያስቸግሩት። ከመፍታትህ በፊት አካባቢውን በአየር ንፋ። ካነሳህ በኋላ የስምንቱን አየር መግቢያ በንጹሕ ጨርቅ ድፈን፤ ጨርቆቹን ቁጠር፣ ስትጨርስ እንደገና ቁጠር።

ሴንሰሩን የሚፈታው 22 ቁጥር ረጅም ቡሶላ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውሃና ዝገት ሳትጠርግ አትፍታ። ሁለቱንም ሴንሰርና በመሀላቸው ያለውን ሽቦ አንድ ላይ ቀይር። እባክህ ርካሹን አትግዛ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ርካሹን ገዝቼ በሁለተኛው ወር ኮዱ ተመለሰ፤ ማኒፎልዱን እንደገና ፈታሁ።

ማጥበቂያው 20 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ በፓውንድ 15። ክሩ ላይ ምንም አትቀባ። ሴንሰሩ የሚሰማው በብረቱ በኩል ነው፤ ከመጠን በላይ ብታጠብቀው ወይ ቀለም ብትቀባው መስማቱ ይዛባል። የማኒፎልዱ ቡሎኖች በሁለት ዙር፦ መጀመሪያ 5፣ ከዚያ 10 ኒውተን ሜትር። ከመሀል ወደ ውጭ። ጓርኒሲዮኑን (ማኅተሙን) አዲስ አድርግ።

የኋለኛው ጎማ ክዳን ዙሪያ በሲሊኮን ትንሽ ግድብ ሥራለት። ከፊትና ከጎን ብቻ። የኋላውን ክፍት ተወው፣ የገባ ውሃ መውጫ ይኑረው።

ሰማያዊ_ሲልቨራዶ | ቅዳሜ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ጨረስኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብኝ፤ ግማሹ ጊዜ የወደቀች ቡሎን ፍለጋ ነው።

ማኒፎልዱን ሳነሳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሸለቆው ውስጥ የደመራው ቅጠል ነበር። ደረቅ ቅጠልና አሸዋ። የፊተኛው ጉድጓድ ደረቅ፣ ሴንሰሩም ንጹሕ። የኋለኛውን ጎማ ስነቅለው ግን ቡናማ ውሃ ቆሞበታል፣ ሻይ መስሎ። በመርፌ መጥጬ አወጣሁት። ሴንሰሩ ከላይ ዝጎ፣ ሽቦው የሚሰካበት ምላስ በጣቴ ስነካው ተሰበረ። ይኼ ነው ምንም የማያሳየው።

ሁለቱንም ከነሽቦው ቀየርኩ። ግድቡንም ሠራሁ። የዘይት ግፊት ሴንሰሩን ዕድሉን ሳገኝ ቀየርኩት። ኮዱን አጥፍቼ ትናንት 60 ማይል ነዳሁ። አልተመለሰም። ፍሎይድ ሂል ላይ ሦስተኛ ማርሽ ይዛ ወጣች፣ ስትለምን አልሰማኋትም።

ጠዋት ላይ ያለው ቀጭን ድምፅ አሁንም አለ፣ ሁለት ደቂቃ። ፒስተኑ ነው ብለውኛል፣ ተስማምቻለሁ።

ኦሆም_ቨርጂኒያ | እሑድ

እንኳን ደስ ያለህ። አንድ ጥያቄ፣ ምን ዓይነት ቤንዚን ነው የምትሞላው? እዚያ ኮሎራዶ ሬጉላር የሚባለው ኦክቴኑ 85 ነው። እዚህ ቨርጂኒያ 87 ነው። የመኪናህ መመሪያ 87 ነው የሚለው።

ሰማያዊ_ሲልቨራዶ | እሑድ

85። ሁልጊዜ። ርካሹን እኮ ነው የምጫነው!

ኦሆም_ቨርጂኒያ | እሑድ

85 እዚያ የተለመደው ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ በድሮ ካርቡሬተር መኪና ይሄዳል። ጭነት ይዘህ ዳገት ስትወጣ ግን 87 ሙላ። ባሁኑ ጊዜ ሴንሰሮቹ ሁለቱም ይሰማሉ፤ ባቄላውን ሲሰሙ እሳቱን ያዘገዩብሃል፣ ጉልበቱን መልሰህ ታጣለህ። 91 ደግሞ አያስፈልግህም፣ ገንዘብህን ነው የምታቃጥለው።

ቪጎ_ሐዋሳ | ሰኞ

ጋሼ፣ ገንዳው ወረደ። ወንፊቱ ግማሹ ተደፍኗል። ጥቁር፣ ደረቅ፣ እንደ ምጣድ ቅርፊት። መካኒኬ «እናጥበውና እንመልሰው» አለ።

ጋሽ_ካቻቢቴ | ሰኞ

ወንፊቱ ይታጠብ፣ ጥሩ ነው። ግን አጥቦ መመለስ ብቻ ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ነሽ። ጥቀርሻው ከላይ ነው የሚመጣው። ኢንጀክተሮቹ ይውጡ፣ የመዳብ ማኅተሞቹ አራቱም አዲስ ይሁኑ፣ መቀመጫቸው በደንብ ይጠረግ። ኢንጀክተሮቹን እግረ መንገድሽን ቤንች ላይ አስለኪያቸው። ከዚያ ዘይቱን አንዴ ቀይረሽ 1,000 ኪሎ ሜትር ሳትሞዪ ድገሚው። ገንዳው ሳይዘጋ ደግሞ ከቢዬላዎቹ አንዱን ክዳን ፈትቶ ብሮንዚኒውን ያሳይሽ። አመድማ ከሆነ ደህና ነው። ከሥሩ መዳብ ብቅ ካለ ሳታስነሺ ደውዪልኝ፤ ስልኬን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።